በቁና ውስጥ የቀረው ቁልፍ

መኪናው አወቀው።

ሀሩን እጁን አላነሣም፤ አንዲት ቃልም አልተነፈሰም። ከሽንኩርት ጆንያዎቹ ክምር ጀርባ ወጥቶ ወደ ነጩ አውቶሞቢል ሲጠጋ፣ ተጣጥፈው የነበሩት ሁለቱ የጎን መስታወቶች፣ ኮቴ እንደ ሰማች ላም ጆሮ፣ ቀስ ብለው ተዘረጉ። በሩ ቀጭ አለ። መኪናውን ከአዲስ አበባ ያመጣው ሰው ቀደም ብሎ፣ ወደ ኋላው ሳይመለከት፣ በባጃጅ ተሳፍሮ ወደ መናኸሪያው ሄዷል። ርክክቡ ተፈጸመ። እጅ ለእጅ የተነካካ ሰው የለም።

ቁልፍ የሚባል ነገርም የለም።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አነሣው።

« ተከፈተልህ? »

« ተከፈተልኝ፣ ጋሼ። »

« ይኸውልህ ሥልጣኔ! ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ከወንበሬ ሳልነሣ ቁልፉን በስልክህ ላክሁልህ። የሚጠፋ ነገር የለ፣ የሚሰረቅ ነገር የለ፣ ፍተሻ ላይ ከኪስህ የሚወጣ ነገር የለ። »

የመምሪያው ኀላፊ ጋሼ ታደሰ ነበሩ፤ በሥራ ስማቸው « ዋርካ »። ሀሩንን ለዚህ ሥራ የመለመሉትም፣ ያሠለጠኑትም፣ ወደዚህ ቆላ የላኩትም እርሳቸው ናቸው።

« ስልክ ነው እኮ፣ ጋሼ። ባትሪው ያልቃል። ደግሞም ይህ ሸዋ ሮቢት ነው፤ እዚህ እንኳን ስልክ ድንጋይም ያተኩሰዋል። »

« አንተማ በሬ ጠምደህ ብትሰልል ደስ ይልህ ነበር! » ሳቁ። « ስትነዘንዘኝ ካርዱንም ልኬልሃለሁ። ስልኩ ቢለግምብህ ካርዱን በሩ ላይ ታስጠጋለህ፤ ይከፈታል። መሳቢያው ውስጥ ነው። »

ከፊት ወንበሩ ትይዩ ያለችውን መሳቢያ ከፈተ። ካርዱ እንደ መታወቂያ ወረቀት የሳሳ፣ ጥቁር ነው፤ በጥጉ ላይ ቀዳዳ አለው። ሀሩን ገመድ የሌለው ቁልፍ ባለቤት እንደሌለው አድርጎ የሚቈጥር ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ነውና፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ አፍ ሰማያዊ ሲባጎ በጥሶ በቀዳዳው አሾለከና በድርብ ቋጠሮ አሠረው። ከዚያም መልሶ መሳቢያው ውስጥ አኖረው። ትርፍ ቁልፍና ዋና ቁልፍ በአንድ ኪስ አይውሉም፤ አንዱ ቢያዝ ሌላው ይተርፋል። ይህ የሙያው ሕግ ነው።

በሸዋ ሮቢት ስሙ ሀሩን ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ እዚህ አይጠራም። ለከተማው ሰው እርሱ ከአሊዩ አምባ መጥቶ ለነጋዴው ለሁሴን ማሾ የሚያገበያይ፣ ዝምታ የሚወድ ደላላ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ « ሾላ » ነው። በሁሴን መጋዘን ከማሾው ጆንያ ሥር ምን እንደሚተኛ ለማወቅ ከመኸር እስከ በልግ ከቤቱ ሰዎች ጋር አብሮ በላ፣ አብሮ ቃመ፣ አብሮ ቀብር ወጣ። ከጆንያው ሥር የሚተኛው የፈንጂ ማቀጣጠያ ነበር። በማሾ ተሸፍኖ ይገባል፤ በማሾ ተሸፍኖ ይወጣል።

ይህን በቃል ማውራት ቀላል ነው። ማስረጃ ግን የሚጨበጥ ነገር ይፈልጋል።

የሚጨበጠውን ነገር የያዘችው ነዒማ ናት።

ሰፌድ በራሷ ላይ ተሸክማ መጣች። በመጋዘኑ ውስጥ ማሾ ትለቅማለች። ባሏ በዚያው መጋዘን ጫኝ ነበር፤ የጫነው ዕቃ በመንገድ ላይ ፈንድቶ ሲሞት ሁሴን ከፈኑን ገዛና ዝም አሰኛት። ዝም አለች። በዝምታዋ ውስጥ ግን ዐይኗ አልተዘጋም። የሥራ ስሟ « ጠል » ነው።

ከሽንኩርቱ ክምር አጠገብ ቆማ፣ ሳታየው፣ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሴት ጎንበስ አለች።

« ይዘሻል? »

« ይዣለሁ። »

« ስጪኝ። »

« ምን ቆርጦኝ! መኪናው ውስጥ ስገባ ትቀበላለህ። ወንድ ልጅ ዕቃውን ከተቀበለ በኋላ ሴትዮዋን የት እንደሚረሳት አይቻለሁ። »

« ነዒማ፣ ቃል ሰጥቼሻለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣርማ በርን ታልፊያለሽ። »

« ወላሂ በል። »

በዚህ ሥራ ብዙ ዋሽቷል። በዚህ ቃል ግን አንድ ጊዜም አልዋሸም ነበር።

« ወላሂ። »

« እንግዲህ አላህ ምስክር ነው። » አንድ ሽንኩርት አንሥታ መዘነችና መለሰችው። « ዛሬ ጠዋት ሱሌይማን ሣጥኑን ከፍቶ አየ። አንዷ ጎድላበታለች። ማን እንደ ወሰደ ለማጣራት ሩቅ አይሄድም። ነገ የለሁም፣ ሀሩን። ያለኝ ዛሬ ብቻ ነው። »

ሱሌይማን የሁሴን ቀኝ እጅ ነው። ሰውን ሲቀጣ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

« ከዱዓው በኋላ፣ » አላት ሀሩን፤ « ከአትክልቱ ቦታ ጀርባ፣ ከመስኖው ድልድይ ሥር። »

ሰፌዷን አነሣች። ሄደች።

ችግሩ ዱዓው ነበር። ዕለቱ ሁሴን ለእናቱ ሰደቃ ያወጣበት ቀን ነው። የዚያን ቤት እንጀራ የበላ ሰው በዚያ ቀን ቢቀር፣ ጠላትነቱን በጥሩንባ እንዳስነገረ ይቈጠራል። ስለዚህ ሀሩን ይቀመጣል፣ ይመረቃል፣ ከዚያም ለአዲስ አበባ ገዢ የማሾ ናሙና አደርሳለሁ ብሎ ተሰናብቶ ይወጣል። ነገሩ ሁሉ የታሰበበት ነበር።

መኪናውን ከሁሴን ግቢ በር ላይ፣ ከሮቃው ዛፍ ጥላ ሥር አቆመው። ሽርጡን አስተካከለ።

በሩ ላይ ሱሌይማን ቁና ታቅፎ ተቀምጧል። ቁናው ውስጥ እህል አልነበረም፤ ስልክ ነበር፤ እስከ አፉ።

« አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሀሩን። ስልክህን። »

« ወዐለይኩም ሰላም። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ እኮ። »

« የሸህ አብዱረሂም ትእዛዝ ነው። ባለፈው ዱዓ መሀል የአንዱ ስልክ ዘፈኑን ለቀቀው። "እኔ ከአላህ ጋር ስነጋገር ማንም አይደውልብኝ" ብለዋል። »

በሩ ላይ የነበሩት ሳቁ። ከውስጥ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

« ሀሩን ነው? የአሊዩ አምባ ሰው በር ላይ ይከራከራል እንዴ? ስልኩን አኑርና ልብህን ይዘህ ግባ! »

ሀሩን ስልኩን ቁናው ውስጥ አኖረ።

የሠለጠነ ሰው ነው። በዚያ በር ላይ ማንም የመኪና ቁልፍህን ስጠኝ ቢለው ኖሮ ጣቱን መስጠት ይቀለው ነበር። ስልክህን ሲሉት ግን እንደ ሁሉም ሰው ሰጠ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰጥቷል፤ ኢማሙም ሰጥተዋል፤ አልሰጥም ማለት ነውር ነው። እጁ የሰጠው ስልክ ነበር። ከእጁ የወጣው ቁልፍ ነበር።

ይህንን የተረዳው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ሸህ አብዱረሂም መዳፋቸውን ዘርግተው ጀምረዋል። በተከፈተው በር በኩል የሮቃው ዛፍ ይታያል፤ ከሥሩም ነጩ መኪና። ሱሌይማን ዘግይተው የመጡትን ለመቀበል ቁናውን ታቅፎ ወደ ዛፉ ሲራመድ፣ የመኪናው መስታወቶች ተዘረጉ። ወደ በሩ ሲመለስ ታጠፉ። እንደ ገና ሄደ። እንደ ገና ተዘረጉ።

አንድ እንግዳ ከውጭ እየሳቀ ገባ። « ሀሩን፣ መኪናህ ጠቀሰችኝ እኮ! ጥሎሽ ስንት ትላለህ? »

« ዱዓ ላይ ነን! » አሉት ሽማግሌዎቹ።

ሀሩን ፈገግ አለ። ዐይኑን ግን ከቁናው አላነሣም።

በዱዓ መሀል አይነሣም። የተዘረጋ መዳፍ ሳይታበስ የተነሣ ሰው የሌላውን ሁሉ ምርቃት እንዳፈሰሰ ይቈጠራል፤ መላው ቤት ዘወር ብሎ ያየዋል። ስለዚህ ተቀመጠ።

« አሚን። »

ሱሌይማን ቁናውን በግራ ክንዱ እንደ ታቀፈ ወደ መኪናው ጎንበስ አለ። ጥላ የሚፈልግ ሰው ይመስላል።

« አሚን። »

የሰው ትከሻ መሀል ገባ። ከዚያ ወዲያ አልታየውም።

« መንገደኛውን፣ » አሉ ሽማግሌው፣ « ከክፉ ዐይን፣ ከጅብ፣ ከከዳተኛ ወዳጅ ጠብቀው። »

« አሚን! » አለ የሱሌይማን ድምፅ ከበሩ፤ ከሁሉ በላይ ጎላ ብሎ።

ምርቃቱ ሲያበቃ ቁናው ጥላ ውስጥ አልነበረም። ፀሐይ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሀሩን ስልኩን ሲያነሣ እንደ ፍም አቃጠለው። የስልኩ መስታወት ላይ የሙቀት መለኪያ ሥዕል ቀልቶ ወጥቷል፤ « ስልኩ ከመጠን በላይ ግሏል » ይላል። በሽርጡ ጫፍ ይዞ አራገበው። ወደ መኪናው ቀረበ።

መስታወቶቹ አልተዘረጉም።

አንድ ትንፋሽ። ሁለት።

ተዘረጉ።

ሁሴን ሊሸኘው ወጥቶ መስኮቱ ላይ ቆመ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ለእንግዳ እጁ የማይታጠፍ ሰው ነው። « ናሙናውን አድርሰህ በጊዜ ተመለስ። ያለ አንተ መጋዘኑ አያምርም። »

« ኢንሻ አላህ። »

የመንደሩን ጠርዝ ካለፈ በኋላ መሳቢያዋን ከፈተ።

ባዶ ናት።

ካርዱ የለም። ሲባጎውም የለም።

ድልድዩ ሥር ነዒማ ትጠብቀው ነበር። ገብታ የኋላው ወንበር ሥር ተኛችና በፌስታል የተቋጠረ ማሾ ወደ ፊት አቀበለችው። « ቃሌን ፈጸምሁ። የቀረው ያንተ ነው። » እጁን ማሾው ውስጥ ከቶ አወጣው። ማቀጣጠያዋ አውራ ጣት የምታህል ናስ ናት። በእግርጌዋ ላይ ምልክት ተቀርጿል። ሀሩን ምልክቱን ዐወቀው፤ ማወቁም አስፈራው። ይህ ዕቃ ከባሕር ማዶ የመጣ አልነበረም። ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣ ነው፤ ያ ግምጃ ቤት ደግሞ የሚጠበቀው በእነርሱው መምሪያ ነው።

ናሷን ጉያው ውስጥ ሸሽጎ ደወለ። ስልኩ ጆሮውን ፈጀው።

« ጋሼ፣ ካርዱ ተወስዷል። ከሁሴን በር ላይ። »

መልሱ ወዲያው መጣ።

« ምንም አይደል። ዋናው ቁልፍ ስልክህ ነው። ግን ጠርጥረውሃል ማለት ነው፤ ጣርማ በር ላይ ሰው ሳያቆሙ አይቀሩም። ሽቅብ እንዳትወጣ። ወደ ጀውሃ ና። እኔው ራሴ ወርጃለሁ፤ ዕቃውንም ሴትዮዋንም ከእጅህ እቀበላለሁ። »

ጠዋት ከወንበራቸው ሳይነሡ ቁልፍ የላኩ ሰው አሁን ጀውሃ ናቸው። ሀሩን ይህን ልብ አለ። ልብ ማለትና አለመታዘዝ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እርሱ ዕድሜውን ሁሉ የታዘዘ ሰው ነው። ከመምሪያው ውጭ የሚያውቃት አንዲት ሰው ብቻ አለች፤ የቁጥጥር ክፍሏ እመቤት፣ በሥራ ስሟ « ጭጋግ » የምትባለዋ፤ ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ከቆሎ ሻጮቹ ጋር ትውላለች። ወደ እርሷ የሚኬደው የገዛ ቤት ሲቃጠል ብቻ ነው።

ቤቱ እየተቃጠለ መሆኑን ገና አላወቀም። መሪውን ወደ ጀውሃ አዞረ።

« ደጋው በዚህ አይደለም፣ » አለች ነዒማ ከወንበሩ ሥር።

« ትእዛዝ ነው። »

« የማን? »

« የማምነው ሰው። »

ስልኩን ከፊቱ አኑሮት ነበር፤ የሙቀቱ ምልክት አሁንም ይቀላል። ነዒማ ቀና ብላ አየችው።

« ምን ሆኖ ነው? »

« ግሏል። ከጠፋ መኪናው አያውቀኝም። »

« ኧረ ወዲያ! ግመል እንኳ ጌታዋን በጠረኑ ታውቃለች፤ ፀሐይም አትፈራም። » ሻሿን ፈትታ ጫፉን ከኮዳዋ ውኃ አራሰችና ስልኩን ጠቀለለችው። ትኩሳት እንደ ያዘው ሕፃን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታራግብለት ጀመር። « የኛ ነፍስ በዚህች ቁራሽ ነገር ነው የተንጠለጠለችው? »

« በእርሷ ነው። »

« ሱብሃነላህ። »

እስከ ጀውሃ ድረስ አራገበችለት።

ጀውሃ የምሳ ሰዓቷ ነበር። የጭነት መኪኖች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ሾፌሮች እጃቸውን ይታጠባሉ፤ የጥብስ ሽታ ከናፍታ ጭስ ጋር ተቀላቅሏል። ጋሼ ታደሰ ከአንድ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ተቀምጠዋል። ሀሩን መኪናውን ከመንገዱ ማዶ አቆመው።

« ከዚህ አትውጪ። »

« ሞተሩን አታጥፋው። »

« ሞተር የለውም፣ በባትሪ ነው የሚሄደው። »

« እንግዲህ ያለውን አታጥፋ። »

ተሻገረ። ጋሼ ታደሰ ተነሥተው ትከሻ ለትከሻ ሳሙት። ሽበታቸው ተበጥሯል፤ ሸሚዛቸው ተተኵሷል። በጽሕፈት ቤታቸው ውስጥ እንደሚሸቱት ሁሉ የሳሙናና የወረቀት ሽታ ሸተቱ።

« ጎበዝ። ጎበዝ ልጄ። ምሳ በልተሃል? »

« በልቻለሁ፣ ጋሼ። »

« ዕቃውስ? »

ሊያወጣው እጁን ወደ ጉያው ላከ። በዚያች ቅጽበት ዐይኑ ባርኔጣው ላይ ዐረፈ። ከባርኔጣው ክፈፍ ሥር አንድ ነገር ሾልኮ ወጥቷል።

ሰማያዊ ሲባጎ።

ድርብ ቋጠሮ።

ሀሩን እጁን ወደ አገጩ አዞረና ጢሙን አከከ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ፊት አለመለወጥን ያስተማሩት እኒሁ ሰው ናቸው። በጓሮው በር በኩል የሱሌይማን ቀይ ሞተር ሳይክል ቆሞ ይታየዋል፤ የጭስ ማውጫው ገና ይጤሳል።

« ሴትዮዋ ናት የያዘችው፣ » አለ። « ደጋ ካልደረስሁ አልሰጥም ብላ። »

« የቆላ ሴት! » ሳቁ። « ሂድና ይዘሃት ና። እርሷም ምሳ ትብላ። »

መንገዱን ተሻገረ። አልሮጠም። የሚሮጥ ሰው ይታያል። በልቡ አንድ በአንድ አሰበው። ማቀጣጠያው የወጣበትን ግምጃ ቤት የሚያስጠብቁት ዋርካ ናቸው። ሀሩንን ወደ ሁሴን የላኩትም የበላይ አካል ስለ ጠየቃቸው፣ ምንም አልተገኘም ብለው ለመመለስ ነበር። ተገኘ። አሁን የተገኘውንም፣ ያገኘችውንም በአንድ ወንበር አስቀምጠው ሊውጡ ነው።

መኪናው ጋ ደረሰ። እጁን በሩ ላይ አኖረ።

አልተከፈተም።

እስከ ሻሹ ይዞት ወርዶ የነበረውን ስልክ ከእርጥቡ ጨርቅ ፈታው። ቀዝቅዟል። ባትሪ አለው። ኔትወርክ አለው። መስታወቱ ላይ አንዲት መስመር ተጽፋለች፦

« ይህ ቁልፍ በባለቤቱ ታግዷል። »

ቀና አለ። ከመንገዱ ማዶ ጋሼ ታደሰ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ስልካቸውን በጣታቸው ነክተው ሲያበቁ አየ።

ነዒማ ከውስጥ በሩን ከፈተች። « ምን ሆነ? »

« መኪናው ረሳኝ። »

« ሂድ በለዋ! »

« አይሄድም። ተሸጠናል። የማምነው ያልሁሽ ሰው የሁሴን ሰው ነው። »

ዐይኗ ትንሽ ሰፋ። አልጮኸችም።

ሱሌይማን ከጓሮው ወጣ። ሁለት ሰዎች ከመንገዱ ወዲያኛው ጫፍ ቆመዋል፤ ሁለት ከወዲህኛው። ከመኪናው ጀርባ፣ እጅ ዘርግቶ በሚነካ ርቀት፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ተነሥቶ ሊሄድ ነው፤ ፊቱ ወደ ደጋው። ሾፌሩ የሻይ ሒሳብ ይከፍላል። ሞተሩ ይንዶቀዶቃል።

ሁለት ሰው ወደዚያ መኪና ሳይታይ አይደርስም።

አንድ ሰው፣ ዐይን ሁሉ ወደ ሌላ ካየ፣ ይደርሳል።

ሀሩን የማሾውን ፌስታል አነሣ። አፉን አጥብቆ አሠረ። ለነዒማ ሰጣት።

« ይህን ይዘሽ ወደዚያ መስጊድ ሂጂ። በሴቶቹ በር ግቢ። እኔ ከኋላሽ እደርሳለሁ። »

ተቀበለችው። በመዳፏ ከፍ፣ ዝቅ አደረገችው። አውራ ጣቷ በፌስታሉ ላይ ዞረ። ከማሾ ውስጥ ጠጠር ስትለቅም የኖረች ሴት ናት።

ቀና ብላ አየችው።

« ቀለለኝ፣ ሀሩን። »

ዝም አለ።

« ወላሂ ብለህ ነበር። »

አንዲት ቃል ብትወጣው፣ የቱንም ቃል ቢል፣ ሁለቱም እዚያው ይቀሩ ነበር፤ ናሷም አብራቸው። ይህን ያውቃል። ማወቁም አልረዳውም።

« እሺ፣ » አለች። እርጥቡን ሻሿን ከእጁ ወስዳ አንገቷ ላይ ጣል አደረገች። « ባሌ የሞተባት ነገር ናት። ለሚገባው ሰው አድርሳት። አንተ ግን ስሜን በዱዓህ እንዳትጠራው። »

ወረደች።

ፌስታሉን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ መንገዱን መሀል ለመሀል ይዛ ሄደች። አልሮጠችም። ወደ ኋላዋም አላየችም። ሱሌይማን ተከተላት። ከወዲህ የቆሙት ሁለቱ ተከተሉ። ከወዲያ የቆሙት መንገዱን ዘጉ። ጋሼ ታደሰ ባርኔጣቸውን ሳይዙ ከበረንዳው ወረዱ።

ሀሩንን ያየ ሰው አልነበረም።

በጆንያዎቹ መሀል ተጋድሞ፣ አይሱዙው ሲነሣ፣ በሽንኩርቱ ክፍተት አሾልኮ አየ። ፌስታሉ ተቀዷል። አረንጓዴው ማሾ አስፋልቱ ላይ እንደ በረዶ ተበትኖ እየዘለለ ነው። ሰዎቹ ተንበርክከው በእጃቸው ያስሱታል። ነዒማ በመሀላቸው ቆማለች፤ ክንዷን ሱሌይማን ይዟል። ወደ አይሱዙው አላየችም። አንድ ጊዜ ብታይ ኖሮ እርሱም ተይዞ ነበር።

መንገዱ ታጠፈ።

አይሱዙው በሸዋ ሮቢት መሀል አለፈ። በሁሴን በር፣ በሮቃው ዛፍ ሥር አለፈ። ከዱዓው የወጡ ሽማግሌዎች ጥላው ሥር ቆመው ይሳሳቃሉ። ሸህ አብዱረሂም ስልካቸውን ከጆሯቸው አርቀው ይዘው ከአንዱ ጋር በኀይል ይነጋገራሉ። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ጀመረ፤ ሙቀቱ ቀረ፤ ጭጋግ መጣ።

እመቤት ጋቢ ተከናንባ ዋሻው አፍ ላይ ቆማ ነበር። የሽንኩርት ሽታ ይዞ የመጣውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

« ከማን ሸሸህ? »

« ከዋርካ። »

ቅንድቧ እንኳ አልተነሣም። « ማስረጃ? »

መዳፉን ዘረጋ። ናሷ በሥጋው ላይ ቅርጿን አትማ ነበር። እመቤት ወደ ብርሃኑ አዙራ ምልክቱን አነበበችና ጋቢዋ ውስጥ ሸሸገችው።

« ጠልስ? »

« ፀሐይ ወጣባት። »

« ሰው ልላክ? »

« ይላኩ፣ እትዬ። »

« ይደርሳሉ ብለህ ታስባለህ? »

« አይደርሱም። »

አልደረሱም።

ዋርካ በዚያው ሳምንት ከወንበራቸው ሳይነሡ ተያዙ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሥራው ተሳክቷል አሉ። ሁሴንና ሱሌይማን ወደ በረሃው ወርደው ቀሩ። መጋዘኑ ታሸገ፤ ከዚያም በሌላ ሰው ስም ተከፈተ፤ ማሾ ለቃሚዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ከጆንያው ሥር ምን እንደሚተኛ የሚጠይቅ ግን የለም። ነጩ መኪና ከጀውሃ ወዲያ፣ በደረቀ ወንዝ ውስጥ፣ በሩ ተቆልፎ ተገኘ። ፖሊሶቹ መስታወቱን ሰብረው ገቡ። የኋላው ወንበር ላይ ሻሽ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም።

የነዒማን መቃብር የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሀሩን የሚባል የማሾ ደላላ በዚህ ዓለም ላይ የለም። ጢሙን የተላጨ፣ ካፖርት የለበሰ፣ ሌላ ስም የተሰጠው አንድ ሰው በጣርማ በር ብርድ ውስጥ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አዲሱ የመምሪያ ኀላፊ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ሁሉ ወደ ስማቸው አዛውረው ነበር።

« ቁልፍዎ እንደገና ሥራ ጀምሯል። መልካም ጉዞ። »

ስልኩ ቀዝቃዛ ነው። ባትሪው ሙሉ ነው። ኔትወርኩም ሙሉ ነው። በደጋው ብርድ ውስጥ አንድም እንከን አልነበረበትም።

አጠፋው። ተሳፈረ። ከኋለኛው ወንበር፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ።

አውቶቡሱ ሲነሣ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት መዳፋቸውን ዘርግተው ለመንገደኞቹ ዱዓ ጀመሩ። ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አለ። ሰውዬውም መዳፉን ዘረጋ። አንድ ስም እስከ ምላሱ ጫፍ መጣ።

እንዳይጠራው ተነግሮታል።

መዳፉን አጠፈ፤ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። አውቶቡሱ ዋሻው ውስጥ ገባ፤ መስኮቱም ጨለመ።

በወዲያኛው አፍ ሲወጣ ማንም አላየውም።